ጠርሙሱ የተጠቀለለበት ቅጠል

ወንድሜ የደወለልኝ እዚህ ከተማ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እየቀየርኩ ሳለ ነበር። በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ ስለማያውቅ እናቴ አንድ ነገር ሆነች ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ አልፋልፋው አለቀ» አለኝ።

«አጨዳችሁት?»

«ተበላ እንጂ። ጥንዚዛ ነው። የእኛም፣ የጎረቤቶቹም።»

አልፋልፋው እናቴ ለላሟ ብላ ጓሮዋ ያለማችው መኖ ነው። ዘሩን ለጎረቤቶቿ ያካፈለችውም እሷው ናት። ሰው አለመጉደሉን ስሰማ አማተብኩ። ወንድሜ ግን አልጨረሰም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዉ ለፋሲካ ከላክሽው ጠበል ጋር ነው የመጣው ይላል» አለኝ። ጠርሙሱ የወጣው ከእርጥብ የአልፋልፋ ቅጠል ውስጥ ነው አሉ። ቅጠሉን ጓሮ ጣሉት፤ ጥንዚዛው ከዚያ ወዲህ ታየ።

እናቴ ከማኅበሯ ቀርታለች። ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጡ ነበር። የተረፈውንም ጠበል ከዚያ በኋላ አልቀመሰችውም።

ፎቶ ላከልኝ። ምስር የምታክል፣ ቀላ ያለች፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ነገር ናት። ሌላ ቦታ ባያት ታምራለች እል ነበር። የቆመችበት ቅጠል ግን ወንፊት ሆኗል።

እኔ ቅጠል አልላክሁም። ጠርሙሱን በአሮጌ ነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ከላይ በጥቁር የማተብ ክር አጥብቄ አስሬ ነው የሰጠሁት። ከአገሬ ርቄ ስኖር ዕቃዬን በማን እጅ እንደምልክ ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ስለዚህ አስተሳሰሬን አልረሳም።

የወሰደችልኝ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ቅቤ የምትሸጥ የአገሬ ሴት ናት፤ ለበዓል አገር ቤት ስትሄድ የሁላችንንም ዕቃ ታደርሳለች። በዕረፍቴ ቀን ከቅዳሴ መልስ ሄድኩባት።

«ያን ጠርሙስ መንገድ ላይ ፈታሽው እንዴ?» አልኳት፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«አንቺ ደግሞ፣ የጠበል ዘበኛ አደረግሽኝ? ሳይሰበር ደርሷል፤ ተመስገን በይ።»

«ነጠላውስ?»

«የምን ነጠላ?»

ቅቤው የተሸፈነበትን ጨርቅ አየሁት። ጥለቱ ተቆርጧል። ስስ ነው፣ ነጭ ነው፤ የእኔ ነው እንዳልል፣ ብዙ የታጠበ ነጠላ ሁሉ ይመሳሰላል። ከመቀመጫዋ ሥር ደግሞ የጠወለገ የአልፋልፋ እስር አለ።

«ይሄስ?»

«የበጌ ነው። ምን ላድርግ፣ እንደ አንቺ አይጾምልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አገላበጥኩ። አንዳንዱ ተበሳስቷል። ጥንዚዛ ግን አላገኘሁም።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ተለወጠ፣ ወይም ለእኔ መሰለኝ። ጨርቁን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

እስከ ሩዋንዳ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በልቤ ስከስሳት ነው የመጣሁት። ነጠላዬን ለቅቤዋ ፈለገችው፤ ጠርሙሱ እንዳይሰበር በበጓ ቅጠል ጠቀለለችው። ልቤ የሚለው ይህን ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ሰው አልከስም፤ እናቴም በእኔ የተነሳ አንገቷን ደፍታ እንድትኖር አልፈልግም።

ስለዚህ ያን ቀን እናቴ ቤት ጠርሙሱ ሲፈታ የነበራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አስታውሱ። ጥቁር ክር ነበረበት? ነጭ ጨርቅስ ነበር? ከዚያ ቀን በፊት በየጓሯችሁ ቀይ ጥንዚዛ ያየ አለ? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ። ወደ ማኅበሩ ሂዱና፣ እናቴ ባለችበት፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። በእኔ ላይ የሚፈርድ ቢሆንም እንኳ ተናገሩት።