ቀዩ ዳንቴል

ወረታ ከተማ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጎን ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ ደብረወርቅ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች ትኖራለች። ሃያ ዓመት ሆናት። የድንበር ክርክር፣ የፍቺ ጥያቄ፣ የጠፋ በሬ አቤቱታ፣ ምን ያልጻፈችው አለ! ባለጉዳዩ ሆዱ ውስጥ ያለውን ዘርግፎ ሲጨርስ «ቁጭ በል፣ ላንብብልህ» ትለውና ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። ሰው የገዛ ብሶቱን በእሷ አንደበት ሲሰማው እንባው ይመጣል። በዚህ የሚደርስባት አልነበረም፤ እየሩስ እስክትመጣ ድረስ።

እየሩስን ያስተማረቻት ደግሞ ራሷ ናት። ልጅቷ ከይፋግ መጥታ ሥራ ስትፈልግ፣ አሥሩንም ጣት እያዘዙ መጻፍን፣ የማመልከቻን አካሄድ፣ ሁሉን አሳየቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ደብረወርቅ አዲስ ላፕቶፕ የገዛች ዕለት እየሩስ ዙሪያውን እያየች «እንዴት ያምራል!» አለች። አለችና ዝም። «እግዜር ይባርከው» የለ፣ «ከዓይን ያውጣው» የለ። ደብረወርቅ የልጅቷን ዓይን ፈራች። በዚያው ሳምንት ቀይ ክር ገዝታ ለላፕቶፑ ዳንቴል ሠራችለት፤ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከጎንና ከኋላው ዘርፍ ያለው ሽፋን። ቴሌቪዥኗም ሬዲዮዋም ዳንቴል ለብሰው ነው የሚኖሩት፤ እሱ ከማን ያንሳል?

የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን መጮህ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት ሲከፈት ይጀምራል፣ ማታ ሲዘጋ ያቆማል። ደብረወርቅ ዓይን ገባበት ብላ ደመደመች፤ ዓይን ለገባበት ደግሞ መሸፈን ነውና ሌላ ድርብ ጨመረችለት። ባሰበት። ባሕር ዳር ለጠጋኝ ወሰደችው። መንገድ እንዳያቆሽሸው ዳንቴሉን ቤት ትታው ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጠብቅ ማሽኑ ጭጭ። «ምንም የለውም፣ እናቴ» ብሎ መለሰላት። ወረታ ገብታ ዳንቴሉን ስታለብሰው እንደ ልማዱ ጮኸ። እንግዲህ ከእየሩስ ርቆ ዝም ካለ፣ እየሩስ አጠገብ ሲሆን ከጮኸ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል! በተለይ ልጅቷ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታ፣ ከግድግዳው ወዲያ የራሷን ቤት ከከፈተች በኋላ ደብረወርቅ ጥርጣሬ የሚባል አልቀራትም። ያ ውራጅ፣ ራቁቱን ጣውላ ላይ የተጣለ ላፕቶፕ፣ ድምፁ አይሰማም።

ይህም ሁሉ ባልከፋ። ከፋ የሚባለው መሪጌታ ገብረ ኪዳን የመጡ ጊዜ ነው።

መሪጌታ ከጣራ ገዳም በኩል በየገበያው ቀን እየመጡ፣ ቅኔ ያስተማሯቸውን መምህራን ታሪክ ለደብረወርቅ ያጽፉ ጀመር። በብራናው ዘመን እንደነበረው፣ በመጽሐፉ መጨረሻ የጸሐፊዋ የክርስትና ስም እንዲገባ፣ ያነበበ ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስባት ቃል ገቡላት። ደብረወርቅ ልጅ የላትም። ስትሞት ስሟን የሚጠራ፣ ተዝካር የሚያወጣ አንድ ሰው የላትም። ያችን አንዲት መስመር እያሰበች ነበር የምትተኛው።

ግን መሪጌታ ጆሯቸው ደክሟል። ሠላሳ ገጽ እንደተጻፈ አንድ ቀን «ልጄ፣ ስታነቢ አይሰማኝም፤ ይሄ ነገር ያጉረመርምብኛል» አሉና ተነሡ። ሠላሳውን ገጽ በፍላሽ አስገልብጠው የሄዱት ደግሞ ወደ እየሩስ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ደብረወርቅ በየገበያው ቀን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ እየሩስ ረጋ ባለ ድምፅ ስታነብላቸው፣ እሳቸው «ይበል! ይበል!» ሲሉ ትሰማለች። ቅናት አንጀቷን በላው። ማንበብን ለዚያች ልጅ ያሳየቻት እሷ!

መጽሐፉ ያለቀ ዕለት መሪጌታ ሊያሳትሙት ፍላሹን ይዘው ወደ ደብረወርቅ ተመለሱ፤ እየሩስ ፕሪንተር የላትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ደብረወርቅ ፍላሹን ሰክታ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ከፈተች። «ይህን የጻፈችውን ወለተ ኪዳንን በጸሎታችሁ አስቡ» ይላል። የእየሩስ የክርስትና ስም ነው። የእሷ ሠላሳ ገጽ የት ገባ?

መሪጌታን አየቻቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ወለተ ኪዳን» የሚለውን አጠፋችና «ወለተ ሥላሴ» ብላ የራሷን ስም ጻፈች። ጽፋ ሳትጨርስ ፋኑ አጓራ፣ ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ብታበራው ደግሞ ጠፋ። እጇን ብታስጠጋው እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

መሪጌታ ተጨነቁ። «ኧረ እየሩስ! ነይ እስቲ፣ ጽሑፌ ሊጠፋብኝ ነው!»

እየሩስ መጣች። ማሽኑን አየች፣ ግን አልነካችውም።

«እትዬ፣ ዳንቴሉን ልግለጠው?»

«ለምን ተብሎ?»

«አየር አጥቶ ነው። መተንፈሻው ከሥርና ከኋላ ነው፣ ተደፍኗል።»

«መቼ ነው ይህን ያወቅሽ?»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። «እዚሁ እያለሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ታዲያ አትናገሪም?»

«ከእኔ ዓይን ነው የሸፈኑት። ይህን እያወቅሁ እንዴት ብዬ ይግለጡት ልበል?» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደግሞም ቀንቼ ነበር። አዎ፣ ቀንቼብዎታለሁ» አለች።

ደብረወርቅ ዳንቴሉን ራሷ ገፈፈችው። ጥቂት አቀዝቅዛ ስታበራው ፋኑ ትንሽ ሹክሹክ አለና ዝም አለ። ላፕቶፑ ሲጠፋ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ አትርፎት ኖሯል፣ ያንኑ ገጽ መልሶ አወጣው። «ወለተ ሥላሴን በጸሎታችሁ አስቡ።» እየሩስ ከትከሻዋ በላይ ቆማ አነበበችው። ደብረወርቅ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እንዴ፣ ጸጥ አለሳ!» አሉ መሪጌታ። «በይ አንብቢልኝ፣ ደብረወርቅ። አሁን ይሰማኛል።»

ደብረወርቅ የራሷን ስም ልታጠፋ ጣቷን ሰደደች። እየሩስ ጎንበስ ብላ፣ መሪጌታ እንዳይሰሙ፣ በጆሮዋ «የእርስዎን አያጥፉት። ሠላሳውን ገጽ ረስተነው ነው። የእኔን ከኋላው ይጨምሩልኝ» አለቻት።

ደብረወርቅ «ወለተ ኪዳን»ን ጨመረች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ሁለቱንም ስም አነበበች፤ መሪጌታም «ይበል! ይበል!» አሉ። ስንት ቀን በግድግዳ የሰማችውን ቃል ዛሬ ፊት ለፊት አገኘችው። ደስ ሊላት በተገባ። እሷ ግን ዓይኗ ወደ በሩ፣ ቀዩን ዳንቴል በሥርዓት አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደምትወጣው ልጅ ነበር። «አያጥፉት» የሚለውን ቃል ቀድማ ያለችው ልጅቷ እንጂ ራሷ ባለመሆኗ፣ ከመቼውም ይልቅ ቀናችባት።