አርባ ስምንት እንቁላልና አንድ አሮጌ ባትሪ

የእናቴን እህት እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉ ሓትኖይ ነው የምላት። በአንድ ዐቢይ ጾም መቐለ ሓድነት ሰፈር ባለው ቤቷ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ሠራሁላት። እንቁላል በማይበላበት ወቅት የማኅበሯ ሴቶች አሥራ ሁለቱም ከየቤታቸው ዶሮ አራት አራት እንቁላል አምጥተው ሰጧት። ለፋሲካ ጫጩት አድርጋ ልትመልስላቸው ቃል ገብታለች። ማኅበርተኛ ፊት የወደቀ ቃል እንዴት እንደሚከብድ ስለማውቅ ነገሩ ለእኔም ቀላል አልነበረም።

ሥራውን ከማንም አልተማርኩትም፤ ከተጣለ ዕቃና ከተቀደደ መጽሐፍ ነው የለቀምኩት። ሳጥኑ ከጣውላ ነው፣ ውስጡ በፎም ተሸፍኗል። ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፣ ለሃያ አንድ ቀን። መብራት ግን በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ከጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ባትሪ አመጣሁ። መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ ሁለት የመኪና የፍሬን አምፖሎች ያበራል፤ ሳጥኑን የሚያሞቁት እነሱ ናቸው። የማን እንቁላል የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ በየቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ ለአንዷ መስቀል፣ ለአንዷ ክብ፣ ለአንዷ ሁለት ሰረዝ።

ባትሪው ስድስት ቤት አለው፣ እያንዳንዱም የራሱ ክዳን። ለሓትኖይ ከፍቼ አሳየኋት። «ውሃው ሲጎድል ከዚህ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ጨምሪበት። የቧንቧ ውሃ እንዳይነካው፤ ለባትሪ መርዝ ነው» አልኳት። የመቐለን ውሃ የሚያውቅ ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ማንቆርቆሪያችንን ውስጡን ነጭ ድንጋይ አልብሶታል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ለሥራ ወደ ውቅሮ ሄጄ በአሥራ ስምንተኛው ጠዋት ተመለስኩ። መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም። እስከ ማታ የሚያቆየን ባትሪ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አምፖሎቹን እንደ ሻማ ጭራ አደብዝዟቸዋል። ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ደርሷል፣ እየወረደም ነው።

ክዳኖቹን ከፈትኩ። ስድስቱም ቤቶች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። የአሲዱን ጥንካሬ የምለካበትን የመስታወት ቧንቧ ብነክር ተንሳፋፊው ከታች ቁጭ አለ። ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

«ሓትኖይ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ያንተ ጠርሙስ በሁለተኛው ቀን አለቀ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጸበል።»

ከባትሪው ቀና ብዬ አየኋት።

«ምነው? አንተ ራስህ የቧንቧ ውሃ መርዝ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያ ከተማው ውስጥ ካለው ውሃ ሁሉ የሚበልጠውን ሰጠሁት። ደግሞ በባዶ ሆዱ ነው፣ በየጠዋቱ!»

በየጠዋቱ እስከ አፉ ትሞላዋለች፤ መብራት ሲመጣ ባትሪው ይፈላና አሲዱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ እሷም ጎደለ ብላ ትጨምራለች። ልቆጣ ፈልጌ አልቻልኩም። ሲጎድል ጨምሪ አልኳት እንጂ እስከ የት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ጠርሙሱም ትንሽ ነበር።

«ሞቱ እንዴ?» አለች በቀስታ። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ፊት ባዶ እጇን ስትቆም እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አየሁ።

«ገና አልሞቱም።»

ሌላ ባትሪ ፍለጋ ልወጣ ጫማዬን ሳስር እሷ ከሰል እያቀጣጠለች ነበር። «ወደይ፣ ልጄ፣ እንቁላሎቹ የሚፈልጉት ሙቀት ነው ወይስ መብራት?» አለችኝ።

ጫማዬን ፈታሁ። ስንት ሳምንት ሙሉ መብራት ሳጠራቅም ቆይቼ ሙቀትም እንደሚጠራቀም አላሰብኩም። ስድስት ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እጅ የማይችለው ሙቅ ውሃ ሞላን፤ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለን ሦስቱን በሳጥኑ ግድግዳ በኩል ደረደርን፣ ሦስቱ ተራ ይጠብቃሉ። በላዩ ጋቢዋን አለበሰችው። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው አንዱ ፕላስቲክ የሁለቱን አምፖሎች የአንድ ሰዓት ሥራ ይሠራል። ሙቀቱ በእኩለ ቀን ወደ ሠላሳ ሰባት ተኩል ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ እሷ ስታፈላ እኔ ስቀይር ዋልን፤ መብራት የመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

በሃያ አንደኛው ቀን ጆሮዋን ከሳጥኑ ሳትነቅል «ስማ፣ ስማ፣ ይንኳኳል» አለች። እስከ ማግስቱ ሠላሳ ዘጠኙ ወጡ።

ሴቶቹ ካርቶን እየያዙ መጡ። እኔም የምልክቱን ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። ሓትኖይ ወረቀቱን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ከዚያ ሳቀች።

«መሐንዲሱ! ምልክቱን እኮ ቅርፊቱ ይዞት ቀረ።»

ሠላሳ ዘጠኝ ቢጫ ጫጩት፣ አንዱም መስቀል የለበት፣ አንዱም ሰረዝ የለበት። ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። እሷ ግን ያለ ወረቀት ሦስት ሦስት አደረገችና ለአሥራ ሁለቱ አዳረሰች።

«የተረፉት ሦስቱ ያንተ ናቸው» አለችኝ። «የጸበሉንም ነገር እዚህ አታንሳ።»

አላነሳሁም። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ሦስቱን ወደ ሳጥኑ መለስኳቸውና አንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ አጠገባቸው አስተኛሁላቸው።