ሃያ ዘጠኝ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን የክርስትና ወረቀት ፍለጋ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ስጎረጉር፣ በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ አንድ ነገር እጄ ገባ፤ ገና ሳልፈታው ሽታው ቀደመኝ። የማኅተም ቀለም ሽታ ነው፤ ትንሽ እንደ መድኃኒት፣ ትንሽ እንደ አሮጌ ደብተር። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና መሐረቡን ሳልፈታ ብዙ ቆየሁ።

ያኔ ልጄ ገና ጥርስ እያበቀለች ነበር። ሃውቶርን በሚባል ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነበረን፤ አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ፣ ሰው ሲጫወት ቃሉን መሐል ላይ ያቆምና ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንግዳ እንኳ በሁለተኛው ቀን ይለምደዋል። ዲቪ ደርሶን በመጣን በሳምንቱ በራችንን ያንኳኩት እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሁለት ሴቶች አስከትለው የሕፃን አልጋ በደረጃ እየገፉ አመጡልን፤ ልጅ እንዳለን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለቴ በፊት፣ የቤተ ዘመድ መረዳጃ ማኅበር አባል መሆኔን ነገሩኝ።

ማኅበሩን ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። አዛውንት በመንከባከብ ሥራ የደከሙ ሴቶች ይበዙበታል፤ የታመመ ይጠየቅበታል፣ የወለደች ትታረስበታል፣ የሞተ ይቀበርበታል። ስቴቱ ፈቃድ ሲሰጥ ስለ ማኅተም የጠየቀ የለም፤ እትዬ ዘነበች ግን ማኅተም የሌለው ማኅበር ወሬ ነው ብለው ክብ ማኅተም አስቀረጹ። ሊመቱ ሲሉ ወደ አፋቸው ያስጠጉና ሃ ብለው ይተነፍሱበታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫኑታል። ልጄ ጭናቸው ላይ ሆና አብራቸው ትጨፍን ነበር።

በመጣን በዓመቱ ግን የቤት ኪራዩ ከበደና ሰው ወደ ላስ ቬጋስ መሄድ ጀመረ፤ አሥራ ሰባት ቀረን። ፈቃዱን ለማደስ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የየራሳቸው ሰው መሆን ነበረባቸው፤ እኛ ዘንድ ጸሐፊዋ እኔ፣ የቀረው ሁሉ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ከሥራ ተርፎ ኃላፊነት የሚይዝ ሌላ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ትልቁ ማኅበር ጋር እንዋሐድ ተባለ።

የትልቁ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሼ ታፈሰ፣ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ተሰበሰብን፤ የጃካራንዳው አበባ የረገፈበት ወቅት ስለነበር የእግረኛው መንገድ፣ የመኪናው መስታወት፣ የሰው ጫማ ሳይቀር ሐምራዊ ሆኖ ነበር፤ ልክ እንደ ማኅተማችን ቀለም። ጋሼ ታፈሰ ቢጫ አቃፊያቸውን ከፍተው ደንቡን ማንበብ ጀመሩ። ሶ፣ መጀመሪያ ሁለቱም ማኅበር ለየብቻው ቮት ያደርጋል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ መስማማት አለበት፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ የሚገባው ማኅበር ፈቃዱን ይመልሳል፤ ስሙም ከመዝገብ ይሰረዛል። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ስለነበር፣ ከጾም የመጣ ሰውነታችንም ስለደከመ፣ ነገሩ በሩቅ እንደሚሰማ ዜማ ሆኖብኝ ልጄን እያወዛወዝኩ አዳምጥ ነበር።

አንዱ አንቀጽ ላይ ግን ሁላችንም ነቃን። ትልቁ ማኅበር አዲስ የገባ አባል ቢሞት የሚቀብረው ዓመት ከሞላው ብቻ ነው ይላል። ማንም ቀና አላለም። እትዬ ዘነበች በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን ይታጠቡ ነበር፤ በዚህ አገር ዘመድ የላቸውም። ያን ሁሉ ሰው የቀበሩ ሴት፣ እንደ አዲስ ተመዝጋቢ ዓመት ሊጠብቁ ነው። ዓመት እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ በፊታቸው ግን ይህን እንዴት አድርጎ ሰው ይናገራል?

የሚስማማ እጁን ያንሣ ተባለ። እትዬ ዘነበች ሰብሳቢ ስለሆኑ ድምፅ አይሰጡም፤ የቀረነው አሥራ ስድስታችንም አነሣን፤ ጋሼ ታፈሰን ያህል ሰው ያን ያህል ደክመውልን እንዴት እንቢ ይባላል። የሚቃወም ያንሣ ተባለ። አንዷ የእትዬ ዘነበችን ፊት አየችና ቀስ ብላ አነሣች፤ ሌላዋ ብቻዋን እንዳትቀር አነሣችላት፤ እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ደረሰ። ከሁለቱም ቁጥር ውስጥ እኔ አለሁበት።

ጋሼ ታፈሰ ቃለ ጉባኤዬን ወስደው ደምረው፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ ሰባት ሰው ሃያ ዘጠኝ እጅ ከየት አመጣ?»

«ሁለት ሁለት አድርጎ ፈጥሮን የለም?» አሉ እትዬ ዘነበች። «እንዲያውም አምስት ይጎድላል።»

የሳቅነው ሳቅ ከቁም ነገሩ ያሳረፈን መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው አንድ በአንድ አዩን።

«ከተናገራችሁ የምሞት፣ ዝም ካላችሁ የምኖር መሰላችሁ?»

አውቀውታል። እኔ ከሳምንት በፊት፣ ጋሼ ታፈሰ ደንቡን እንዳነብ ሲሰጡኝ፣ ከወረቀቱ ጀርባ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፤ ለማንበብ ግን ድፍረት አጥቼ በብዕሬ ስሸፍናት ቆየሁ። አሁን ልጄን ከጎኔ ላለችው ሴት አቀበልኩና አነበብኳት፤ የሚገባ አባል በቀድሞ ማኅበሩ የቆየበት ዘመን በአዲሱ እንደቆየ ይቆጠርለታል የምትል ናት። ልጄ ከወዲያ ማልቀስ ጀመረች።

ጋሼ ታፈሰ መስመሯን በአቃፊያቸው ላይ ገለበጧት። ይህ የእነርሱን ደንብ መቀየር ስለሆነ የራሳቸው አባላት ድምፅ ይሰጡበታል፤ ቃል ልገባላችሁ አልችልም አሉ። ያን ሳምንት ሁላችንም በየቤታችን ጸለይን፤ አልተነጋገርንበትም። በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጋሼ ታፈሰ ደጀ ሰላሙ ላይ እትዬ ዘነበችን ፈልገው መጡና ጎንበስ ብለው፣ «በወረቀት ነው ያስመረጥኩት፤ የእጅ ነገር ፈራሁ። እንኳን ደህና መጡ» አሏቸው። እኛም በወረቀት መረጥን፤ በዚህኛው የተቃወመ አልነበረም።

የውሕደቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እትዬ ዘነበች ለመጨረሻ ጊዜ ሃ ብለው ተነፈሱና ማኅተሙን መቱ። በአሠራሩ የሚፈርሰው ማኅበር ማኅተም መቆረጥ ነበረበት። እርሳቸው በመሐረባቸው ጠቅልለው ጉልበቴ ላይ አኖሩት፤ ደንብ የሚወዱት ጋሼ ታፈሰም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የረገፈውን አበባ ያዩ ጀመር።

ዓመት አልሞላቸውም። በስምንተኛው ወር፣ በማለዳ፣ በሰላም አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ከቫን ናይስ፣ ከዌስትቼስተር ሰው ጎረፈ፤ መኪና የምናቆምበት ጠፍቶ ብዙዎቻችን ከሩቅ በእግራችን ሄድን። ነጠላ የለበሰው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም ነበር። ዘመድ የላቸውም የተባሉት ሴት ናቸው። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

ቅዳሜ ዕለት መሐረቡን ፈታሁት። እንደ እርሳቸው ሃ ብዬ ተነፈስኩበትና በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ተጫንኩት፤ ክቡ ብቻ፣ ያውም ግማሹ፣ ደብዝዞ ወጣ፤ ቤተ ዘመድ የሚለው ስም አልያዘም። አሁን ማኅበራችን ትልቅ ነው፤ የማላውቃቸው አባላት ይበዛሉ፤ ማንም ሳይቀበር አልቀረም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ድምፅ የምንሰጠው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ አራት ተደርጎ ይታጠፋል፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ምን እንደጻፈች አላይም፤ እርሷም የእኔን አታይም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቁጥሩ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።