በአረጋሽ ሳሎን ያለው ሐይቅ

ምልኬሳ ጡረታ ወጥቷል ሲባል ወሬውን ያላመነው እሱ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ የዓይን ሐኪም «ከእንግዲህ ረጅም መንገድ ይቅርብዎ» ስላለው ብቻ እንዴት ብሎ ሾፌርነቱን ይተዋል? አዳማ ወዳለው ቤቱ ገባ እንጂ አልተቀመጠም። ሶፋ ላይ ሲያርፍ እንኳ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ነው፤ ያውም ለበሩ በሚቀርበው በኩል። ሻንጣው ደግሞ ሽርጡን፣ ፎጣውንና ፔርሙዙን እንደያዘ ከበሩ ኋላ ቆሟል።

ሚስቱ አረጋሽ በዚያ ሻንጣ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ሆዷ ይባባል። አንድ ልጃቸውን ቢሊሴን ብቻዋን ማለት ይቻላል አሳድጋ፣ አስመርቃ፣ ሐዋሳ ድራለች። የባሏን መምጣት የምታውቀው በሚታጠበው ልብስ ነበር፤ ልብሱ ታጥቦ ሳይደርቅ ሰውየው ይሄዳል። ጎረቤቱም ለምዶታል። ማንም «ጋሽ ምልኬሳ አሉ?» ብሎ አያውቅም፤ «መጡ?» ነው የሚለው። አሁን አረጋሽ ከፈጣሪዋ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ቤቱ እንዲቀመጥላት።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ዓይን ሐኪሙ ጋ ነው። ምልኬሳ ጠብታ ተደርጎለት ተራ ሲጠብቅ፣ ከፊቱ ካለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ቢጫና ሰማያዊ ነገር ሲመላለስ ታየው። ሞጆ ኬላ ላይ ሁለት መኪና ከቀደመው የሚያብድ ሰውዬ፣ ስሙ ሲጠራ ሳይሰማ ተራው አለፈው። ቤት ሲገባ ዓይኑ ገና አልጠራም፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«አረጉ፣ አሳ ላመጣ ነው» አላት።

«ጎሽ፣ ዘይትም አለ።»

«የሚበላ አይደለም። የሚታይ ነው።»

አረጋሽ የባቱ ልጅ ናት። አባቷ ዝዋይ ሐይቅ ላይ መረብ እየጣሉ ነው ያሳደጓት። ለእሷ አሳ ወይ መረብ ውስጥ ነው፣ ወይ መጥበሻ ላይ፤ ሦስተኛ ቦታ እንዳለው ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም እምቢ አላለችም። ሻንጣውን አየት አደረገችና፣ የሚቀልበው ያለው ሰው የት ይሄዳል ብላ በሆዷ አሰበች። እና ያንን የሠርጓን ቡፌ፣ ብርጭቆ እንኳ በእንግዳ ቀን ብቻ የሚወጣበትን ቡፌ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንስታ ጓዳ አስገባችለት። ይህን ያህል የወደደ ሰው ይንገረኝ።

ሥራው ተጀመረ። ከቱቦላሬ ብረት ወፍራም መቆሚያ ተበየደ። መስታወቱ ከአንድ ሰው ቁመት የሚረዝም፣ ውፍረቱ የሱቅ መስኮት የሚያስንቅ ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ በሲሊኮን ተጣብቆ እስኪደርቅ ድረስ ምልኬሳ ማንንም በአጠገቡ አላሳለፈም። ድንጋዩን ከመተሐራ አስመጣው። እዚያ መንገድ ዳር የተከመረውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዕድሜ ልኩን በመስኮት ሲያየው ኖሯል፤ ይኸው ለቁም ነገር በቃ። አንድ በአንድ በአረጋሽ የድስት መፈግፈጊያ ፈገፈገው፣ ቀቀለው፣ አሸዋ አንጥፎ ዋሻ ዋሻ እንዲሆን አድርጎ ደረደረው። ውኃው የቧንቧ ነው፤ የአዳማ ቧንቧ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። በመጣ ጊዜ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሞ፣ ክሎሪኑ እስኪወጣለት አሳድሮ ሞላው። መብራት ቢጠፋ አየር የሚነፋው ፓምፕ እንዳይቆም አሮጌ የመኪና ባትሪ ከስር አስቀመጠ።

ሁሉም ተዘጋጅቶ አሳ የለም። ቢሾፍቱ የጌጥ አሳ የሚሸጠው ኢሊያስ «ውኃው ሳይበስል አሳ አልሸጥልዎትም» ብሏል። የአሳውን ቆሻሻ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ጥሩ ጀርሞች ውኃው ውስጥ መራባት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ከወር በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው እየመጣ ጥቁር ድንጋይና የሚንቦጫረቅ ውኃ አይቶ ይሄድ ጀመር።

«ምኑን ነው እንግዲህ የምናየው?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሙሉአለም።

«እየበሰለ ነው፣ እትዬ» አለ ምልኬሳ።

«ሳይጣድ?»

አረጋሽ ወጥ ቤት ገብታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የሚገርመው ግን ባሏም ሳቀ። በራሱ ሲሳቅበት የሚስቅ ሰው መሆኑን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር፤ የሚያሳውቅ ጊዜ መች ነበራቸው!

በመጨረሻ አሳዎቹ መጡ። ምልኬሳ ከቢሾፍቱ በሚኒባስ፣ ውኃና አየር የተሞሉትን ላስቲኮች ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በጃኬቱ ሸፍኖ ነው ያመጣቸው። ሾፌሩ ጉብታ ሳያይ ሲያልፍ «ቀስ በል እንጂ አንተ፣ ነፍስ ይዣለሁ!» እያለ ሲቆጣ፣ በወጣትነቱ የመተሐራን መንገድ እንዴት ይበር እንደነበር ያስታወሰው የለም። ግማሾቹ የሎሚ ልጣጭ የመሰሉ ቢጫ ናቸው፤ ግማሾቹ ጥቁር መስመር ያለባቸው ሰማያዊ። ሲክሊድ ይባላሉ፤ ዘራቸው ከስምጥ ሸለቆው ታችኛው ጫፍ፣ ከማላዊ ሐይቅ ነው። «የእናንተው የዝዋይ ቆሮሶ የሥጋ ዘመዳቸው ናት» ብሎታል ኢሊያስ። ጠበኞች ስለሆኑም በርከት አድርጎ ባንድ ጊዜ ነው የሰጠው፤ ብዙ ሲሆኑ ቁጣው ይከፋፈላል፣ አንዱ ላይ ብቻ አያርፍም። እውነትም ገና ሳይለማመዱ ዋሻውን ተከፋፈሉት፤ በሩ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን የማያባርር አልነበረም።

ምልኬሳ ተለወጠ። ወንበር ስቦ መስታወቱ ፊት ይቀመጣል፤ ምሳ ቀርቦ ይጠራል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አረጋሽ በዚህ አትቆጣም። ባሏ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲዘገይባት እኮ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ሕግ ነበረው። ጠዋት ጠዋት በሁለት ጣት ቁንጥር የምትያዝ ምግብ፣ ከዚያ በኋላ ምንም።

ጉዱ የፈላውም እዚህ ላይ ነው። ገንዳው ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ምልኬሳ አሳዎቹን ቀልቦ ወጣ ሲል፣ አረጋሽ ሻይዋንና ዳቦዋን ይዛ ትቀመጣለች። እነዚያ ሁሉ ዋሻቸውን ትተው መስታወቱ ላይ ይሰለፉና፣ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። እንግዲህ እዚህ አገር የተኮራረፈ ሰው እንኳ ማዕድ ላይ ከደረሰ «እንብላ» ይባላል። እየታዩ ብቻን መጉረስ እንዴት ይሆናል? መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ ጀርባዋን። በሦስተኛው ቀን ዳቦዋን በጣቷ ፈርፍራ ጣል አደረገችላቸው። እንዴት እንደተሻሙ! አንጀቷን በሉት።

ከዚያ ወዲያ ቁርሷ ከእነሱ ጋር ሆነ። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ኅብረቱ እሷ ቤት ነው፤ እህቶችም ሻይ ሲቀርብ አሳዎቹ ሲያዩዋቸው አላስችል አላቸው። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ብስኩት፣ እትዬ ሙሉአለምማ ቆሎ ሳይቀር። «ምስኪኖች፣ ጋሽ ምልኬሳ በቁንጥር እየቆነጠረ ፈጃቸው» ተባለ።

ውኃው ነጭ ሆነ። ቀጥሎ ሸተተ። ምልኬሳ ግማሹን ቀየረ፣ ፓምፑን ፈታ፣ ኢሊያስ ጋ ደወለ። አንድ ሰማያዊ ተገልብጦ ተገኘ፤ በማግስቱ ሌላ፣ ከዚያ ቢጫዎቹ ተከተሉ። ሰውየው እየሰበሰበ ጓሮ ፓፓያው ስር ቀበራቸው። ቅስሙ ተሰበረ። «ይኼ እጅ ከመሪ ሌላ አያውቅም» አለና ሶፋው ጫፍ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በበሩ በኩል።

ኦሊቃ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። ኦሊቃ ባለመኪና ነው፤ ምልኬሳ ብዙ ዘመን የነዳው የእሱን ነው።

«አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት ጋሼ? ሾፌሩ ጥሎኝ ሄደ። ሌሊቱን ትተው ቀን ቀን እየነዱ፣ አንዴ ብቻ ጅቡቲ ደርሰው ቢመለሱልኝ?»

አንዴ ብቻ የሚባለው ነገር አንዴ ሆኖ እንደማያውቅ አረጋሽ ከማንም በላይ ታውቃለች። ምልኬሳ ግን «ሰኞ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ቅዳሜ ከመሄዱ በፊት ገንዳውን ላጽዳ ብሎ ድንጋዮቹን አነሳ። ከስር ያበጠ፣ የሻገተ ነገር ተከምሯል። በእጁ ዘግኖ አወጣና አሸተተው።

«አረጉ፣ ይኼ ዳቦ አይደለም?»

አረጋሽ እትዬ ሙሉአለምን ማሳበብ ትችል ነበር። አላደረገችውም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከሁሉም በፊት የጀመርኩት እኔ ነኝ። እያዩኝ እንዴት ልብላ? ዕድሜ ልኬን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን በላሁ። አሁን የሚያየኝ ሲገኝ ልንፈገው?»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። ዳቦው ከነውኃው በጣቶቹ መሃል እየወረደ አያት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ማጠብ ቀጠለ። መቆጣቱ ይሻላት ነበር።

ሲጨርስ የተረፉትን አያቸው። አንዲት ቢጫ ጥግ ይዛለች፤ ምግብ ሲጣል አትመጣም፣ ጉሮሮዋም አብጧል። «ይቺም ልትሞት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። አረጋሽ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። መጀመሪያ እሷም ቶንሲል መስሏት ነበር። አፏን ሳትከፍት የምታኝክ መምሰሏን ስታይ ግን፣ ልጅ ሆና አባቷ መረብ ሲስቡ ያየችው ትዝ አላት። ቆሮሶዋ ጀልባው ላይ ስትወድቅ ከአፏ ብዙ ትንንሽ ልጆች ትተፋ ነበር።

«አልታመመችም» አለች። «አርግዛለች። በአፏ።»

«በአፏ?»

«እንቁላሉን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። እስኪወጡ አንዲት ነገር አትበላም። እኔም ያን ሁሉ ዳቦ ስጥል ይህችን አልጠቀምኳትም።»

ምልኬሳ ጎንበስ ብሎ ጉንጯን አተኩሮ አየ። «መቼ ነው የሚወጡት?»

«ቀርበዋል። አንተ ግን አትኖርም።» እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው፤ እጇን እያደራረቀች ጨመረች፤ «ቢሊሴም ስትወለድ ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ነበርክ።»

ሰኞ ማለዳ አረጋሽ ከሁሉም በፊት ተነስታ መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ቢጫዋ ከጥጓ ወጥታለች። በፊቷ ደግሞ የጤፍ ገለባ የሚያክሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆች አሸዋው ላይ ይርመሰመሳሉ። አረጋሽ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ምልኬሳ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ። ጫማውን አስሯል። «ምንድን ነው?» ብሎ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ሲል ልጆቹ በሙሉ ብርግግ ብለው ወደ እናታቸው ሮጡ። አፏን ከፈተች፣ ገቡ፣ ዘጋች። አሸዋው ባዶ ሆነ።

ወደ ኋላ ሸሸ። ትንሽ ቆይተው አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። መልሶ ጠጋ አለ። እንደገና ሮጠው አፏ ውስጥ ገቡ። ምልኬሳ እንዲያ እንደጎነበሰ፣ ሻንጣው እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ቢሊሴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለ። «እኔ በበሩ ስገባ፣ ቀሚስሽ ስር።»

አረጋሽ ልጅ ያው ልጅ ነው ልትለው አሰበች። ግን ዛሬ ሐሰት መናገር አልፈለገችም።

«አዎ» አለችው። «ልትለምድህ ስትል ነበር አንተ የምትሄደው።»

ከውጭ የኦሊቃ መኪና ጥሩምባ ጮኸ። ምልኬሳ ለዚያ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ተነስቷል። አሁን ግን ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ወንበር ሳበ፣ ከመስታወቱ ራቅ አድርጎ ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠ። የጫማውንም ክር ፈታ።

«ሌላ ሰው ይፈልግ በይው» አላት፤ ልጆቹን እንዳያስደነግጥ በሹክሹክታ። «እኔ እዚህ ልቀመጥ። እስኪለምዱኝ።»

አረጋሽ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወጣች። እንባዋን በሩ ጋ ሳትደርስ ጠርጋዋለች። ኦሊቃ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠየቃት፤

«ደህና አደሩ እትዬ? ጋሼ የሉም እንዴ?»

«አለ» አለችው። «ቤቱ ነው ያለው።»