ከኋላ ወንበር የሚመጣው ሽታ

ባሌን የሰፈሩ ሰው "ሩቤ" ይለዋል። የመኪናው ሰልባቲዮ፣ ማለት የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ከሩብ በላይ ይዞ ስለማያድር ነው። ንፍገት እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ የምታድረው በራችን ላይ፣ መንገድ ዳር ነው፤ አንድ ሰሞን ሌቦች የጎማ ቱቦ ሰድደው ቤንዚኑን ሙልጭ አድርገው ወሰዱበት። "ከእንግዲህ ለሌባ አልቀዳም!" አለ። አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያስቀዳል። የማደያው ሠራተኛ ገና ከሩቅ ሲያየው "ጋሼ፣ ዛሬም ለቅምሻ ነው?" ይለዋል።

ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነው። አሮጊቷን መኪና ከእኔ በፊት ነው ያገኛት፤ ሁለተኛ ሚስት ነኝ እያልኩ እቀልድበታለሁ። ጠዋት የራሱን ፊት ሳይታጠብ የእሷን መስታወት ይወለውላል። ጤንነቷን የሚጠራጠርበት ሰው ካለ ደግሞ እናቱን የሰደቡበት ያህል ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ውስጧ ቤንዚን ይሸተኝ ጀመር። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከኋላ ነው፤ የፊቱ ወንበር የተሳፋሪ ነው፣ ተሳፋሪ ከሌለ ደግሞ የጃኬቱ ነው። መስኮት ተዘግቶ ዳገት ስንወጣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል፤ ከወረድኩ በኋላም ራሴን ይወቅረኛል።

"ቤንዚን ሸተተኝ" ስለው፣

"የቤንዚን መኪና ምን ይሽተት፣ ሽቶ?" ይለኛል።

"ሰውዬ፣ አልቀለድኩም።"

"ታዲያ እኔን ለምን አልሸተተኝም?"

እንዴት ይሽተተው! እሱ የሚነዳው ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ነፋስ ፊቱን እየመታው ነው።

ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩን "ጆሮው" ይሉታል። የካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ እንደ ሐኪም አዳምጦ በሽታዋን የሚናገር ሰው ነው። በድምፅ ማንም አይደርስበትም። ቤንዚን ግን ሲያፈስ አይጮህ!

ቢሆንም ሥራውን አልለገመም፤ ሐሰት አልናገርም። ካርቡራተሩን በጨርቅ ጠርጎ ጠበቀ፤ ደረቅ። የቤንዚን ፓምፑን ነካካ፤ ደረቅ። ከሥር በጀርባው ተንሸራቶ ገብቶ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ሲመሽ ከሥሯ ካርቶን አነጠፈ፤ ጠዋት ስንመጣ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

"እትዬ፣ ጤነኛ ናት" አለኝ።

"እስቲ አንተው ከኋላ ግባና በሩን ዝጋው።"

ገብቶ ተቀመጠ። አሸተተ፣ አሸተተና "እውነትሽን ነው፣ ይሸታል" አለ። ተመስገን ልል ስል ሁለቱን መዳፎቹን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋቸው። "ይኸው፣ የምሸተው እኔ ነኝ!" ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ባሌማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳልወድ አብሬ ሳቅሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ልጃችን የመጀመሪያዋን አርግዛ ልትወልድ እኛ ዘንድ መጣች። ቀኗ ሲቃረብ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆዷን ዳበሰቻትና ፊቷ ልውጥ አለ። እኔንና ባሌን ወደ ውጭ ጠራችን።

"ልጁ በአግድም ተኝቷል። ምጥ ሳይጀምራት ትልቁ ሆስፒታል አድርሷት። እዚህ ካማጠች እሷንም ልጁንም ማትረፋችንን እንጃ።"

ትልቁ ሆስፒታል ከተራራው ማዶ ነው፤ በመሃል ማደያ የለም። "በሌላ መኪና ትሂድ" ብዬ ለመንኩት።

"የእኔ ልጅ? እኔ እያለሁ?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ማደያ ገብቶ "ሙላው!" አለ። ሠራተኛው ቱቦውን እንደያዘ "ጋሼ፣ ደህና ነህ?" አለው። መሳቅ አቃተኝ። የልጄን ሻንጣና የሕፃኑን ልብስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጠቅጥቀን፣ እኔና እሷ ከኋላ ተቀምጠን ወጣን።

ዳገቱን ስንጀምር ሽታው መጣ። እንደ ሌላ ጊዜው ሽው ብሎ የሚያልፍ አይደለም፤ ዓይን ያቃጥላል።

"አባዬ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል" አለች ልጄ።

"እርጉዝ ስለሆንሽ ነው። እናትሽ አንቺን ስታረግዝ ሳሙና ሸተትከኝ ብላ ከመኝታ ቤት አባርራኛለች።"

ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ወገቧን ያዘችና ክንዴን በጥፍሯ ጨመደደችው። ምጡ አልጠበቀንም።

አባቷ በመስታወት አያትና ነዳጁን ረገጠው። አቁም እንዳልለው ልጄ፣ ንዳ እንዳልለው ሽታው፤ በሁለት ቢላ ታረድኩ። በየመታጠፊያው ከጀርባዬ የሆነ ነገር ሲላጋ ይሰማኛል። ወዲያው ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። እጄን ወደ መደገፊያው ሰድጄ ባወጣው ረጥቧል። ከኋላው ተንጠራርቼ አፍንጫው ሥር ደቀንኩበት።

"አሽትት! አሁንስ?"

መኪናዋን አቆመ።

ልጃችንን ደግፈን ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናትና እሱ የዕቃ መጫኛውን ከፈተ። የሕፃኑ ልብስ ቤንዚን ጠጥቶ ይንጠባጠባል። የጎኑን ክዳን ገንጥሎ ሲያይ፣ ቤንዚን ከሚቀዳበት አፍ ወደ ሰልባቲዮው የሚወርደው ወፍራም ጎማ አንገቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው አጉተመተመ፦

"ከላይ ነው የተቀደደው። ሩብ ሲሆን ትነቱ ብቻ ይወጣል፤ የሚያፈሰው ሲሞላ ነው። ሞልቼውስ መች አውቃለሁ! ያፈሰሰውንም ምንጣፉ ይጠጣዋል፣ መሬት አይደርስም።"

ከጎማው ጎን የኋላ መብራቱ ሽቦ ክዳኑ ሲገነጠል ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል። አየሁት፤ ልብ አላልኩትም።

ደግነቱ አንድ የጭነት መኪና ደረሰልን። ሾፌሩ የልጄን ፊት ሲያይ ጥያቄ አላበዛም። ጋቢናው ውስጥ የቀረው ቦታ የሁለት ሰው ብቻ ነበር።

"እናንተ ሂዱ፣ እከተላችኋለሁ" አለ ባሌ።

"መኪናዋን ተዋት! በእናትህ ተዋትና በሚቀጥለው መኪና ና!"

"መታጠፊያ ላይ ናት፤ የሰው ልጅ መጥቶ ይላተምባታል። ዳር አስይዣት እመጣለሁ። ሞተር አላስነሳም፤ ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ?"

ሄድን። ትንሽ እንደወጣን በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ከታች፣ ከመታጠፊያው ላይ ጥቁር ጭስ ቆሟል። ሾፌሩም አይቶታል፤ ማርሽ ቀይሮ ፍጥነት ጨመረ።

"እማዬ፣ ምን አየሽ?" አለች ልጄ።

"ጭጋግ ነው፣ የእኔ እናት። አንቺ ብቻ ተንፍሺ።"

የቀረውን መንገድ የእሷን ላብ እየጠረግሁ የእሱን ለቅሶ በሆዴ አለቀስኩ። እንደደረስን እየሮጡ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በአንድ ዓይኔ እሷ የገባችበትን በር፣ በሌላው መግቢያውን አያለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የትኛው በር ቀድሞ እንደሚያረዳኝ ብቻ ነበር የማላውቀው።

ሴት ልጅ ወለደች። እናትየውም ደህና ናት አሉኝ። እልል ሳልል ዓይኔን ወደ መግቢያው መለስኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ባሌ በመግቢያው በር ገባ። ቅንድቡ የለም። ሁለት እጆቹ መንገደኛ በሰጠው ሻሽ ተጠቅልለዋል።

"ልጄስ?" አለ።

"ተገላግላለች።"

ግድግዳውን ተደገፈ። "ሞተር አላስነሳሁም" አለ። "የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ አንከባለልኳት። ዳር ላቆማት ፍሬን ስረግጥ ግን የኋላው መብራት በራ። ያ የተላጠ ሽቦ ብልጭ አለ... ባትሪውን መንቀል ረሳሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ነድቼ ባትሪ መንቀል ረሳሁ።"

"ነግሬህ ነበር!" አልኩት። ምን ልደብቃችሁ፣ ጮኬ ነው ያልኩት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ከክረምት ጀምሮ ስሰንቀው የነበረ ቃል ነው።

"አዎ" አለ፣ "ነግረሽኛል።"

በትዳር ዘመናችን ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "መጀመሪያ የነደደው የኋላው ወንበር ነው" አለኝ። "በሩን ከፍቼ እስክዘል እንኳን አልጠበቀም። እናንተን እዚያ ላይ አስቀምጬ ነበር ዳገቱን የወጣሁት።"

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እሪ አልኩ፤ እሱም በእነዚያ በተጠቀለሉ እጆቹ ያዘኝና ተንሰቀሰቀ። አንዲት የማናውቃት ነርስ እየሮጠች መጥታ፣ "እኔን! ማን ሞተባችሁ?" አለችን። "የመጀመሪያ ሚስቱ" አልኳት።