ለወይዘሮ ላቀች የሚሆን ፊልም

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሳይደምቅ፣ ከሌሞ በኩል የመጣ የፈረስ ጋሪ የትርፊት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጋሪው ላይ በሁለት የድንች ጆንያዎች መካከል በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ተደግፏል። ከጋሪ ነጂው ጎን የተቀመጡት አዛውንት ቀስ ብለው ወረዱና ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርጉት፣ ትርፊት ዕቃውን ወዲያው አወቀችው። በቅርቡ በገዛ እጇ የሸጠችው ቴሌቪዥን ነው።

ትርፊት ሆሳዕና ተወልዳ ሆሳዕና ያደገች የጉራጌ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አምሳን አልፏል። ከባለቤቷ ከወልደኪዳን ጋር የከፈቱትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታካሂደው። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ከጠዋት እስከ ማታ ሲያበሩ ይውላሉ፤ እሷ ግን ቀና ብላ አታያቸውም። ለእሷ ዕቃ ናቸው። ቤቷ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ወልደኪዳን ከሞተ ጀምሮ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አብረው ነበር የሚያዩት፤ የሚታየውን የሚመርጠውም እሱ ነበር። ብቻዋን መክፈቱን ተወችው።

"ጋሽ ጠና፣ ምነው? ተበላሸ እንዴ?"

"ጡማ፣ ትርፊት፤ ደህና ነሽ?" አሉ ጋሽ ጠና በሀዲይኛ ሰላምታ ጀምረው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጉዳይ የሚገቡ ሰው አይደሉም። "አልተበላሸም። ደህና አድርጎ ይሠራል። ላቀች ናት የጠላችው። 'ውሰድልኝ፣ መልስልኝ' አለች። ይኸው አመጣሁት።"

ከትርፊት ራስ በላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወደዚያ መጠቆም ትችል ነበር። ነገር ግን የሽማግሌው ፊት ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም አየችበትና ወንበር ሳበችላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ጠና ባለቤት ወይዘሮ ላቀች በዝናብ ቀን ከእንሰቱ ጓሮ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪም ቤት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ ግን አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሙ ፈቃድ እስኪሰጥ በእግሯ እንዳትቆም ተብላለች። በሕይወቷ አንድ ቀን ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ልጃቸው ሆሴዕ ይህን ሲሰማ፣ "እማ ጣራ ስታይ አትዋል" ብሎ የቴሌቪዥን መግዣ ላከ። መብራት ወደ መንደራቸው የገባው ዓምና ነው።

"ቋንቋዋ ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነው" አሉ ጋሽ ጠና። "አንዱን ስንከፍት ሰው ይጮኻል። ሌላውን ስንከፍት ሰው ይተኩሳል። ሌላው ላይ ክራባት ያሰረ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል። 'ቤቴ ውስጥ የማላውቀው እንግዳ አስገብተህ ትተኸኝ ትሄዳለህ' ትለኛለች። እኔ ደግሞ እርሻ አለብኝ፤ ከአልጋው ሥር አልውል።"

ትርፊት ከአፏ ምን እንደሚወጣ ሳታውቅ፣ "ጋሽ ጠና፣ አሁን ወደ ቤት ይመልሱት። ለእሳቸው የሚሆን ነገር እኔ እፈልጋለሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ ይምጡ" አለች።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

ሽማግሌው ሳቁ። ጋሪ ነጂው እያጉረመረመ ቴሌቪዥኑን መልሶ ጠቀለለው።

ከሱቋ ጎን ናስረዲን የሚባል ወጣት ትንሽ ኪዮስክ አለችው። ሞባይል ይጠግናል፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ይጭናል። ትርፊት ጉዳዩን ስትነግረው ዓይኑ በራ።

"እትዬ ትርፊት፣ ለእሱ አትጨነቂ! አንድ አለ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መኪና ነው የሚፈነዳው። ቋንቋ አያስፈልገውም።"

"ናስር፣ ሴትየዋ የተሰበረች ናት።"

"እና? ያነቃታል!"

እሱን ጨምሮ ብዙ ጫነላት። ያን ዕለት ምሽት ትርፊት እራቷን በልታ ዳንቴሉን አነሳችና አጣጥፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የሚፈነዳውን ፊልም ከፈተች፤ ሦስተኛው መኪና ሳይቃጠል እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ አየች። እሱስ ያዛት፤ ሱቅ ሆና እንኳ "ያቺ ምራት ዛሬ ምን ትሆን ይሆን?" እያለች ስታስብ ራሷን አገኘችው። ግን ወሬ ብቻ ነው፤ ለላቀች አይሆንም።

አንድ ዘዴ መጣላት። ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጠፋችው። ያለ ድምፅ እኔ የገባኝ ለላቀችም ይገባታል አለች። እንዲህ ስታደርግ አብዛኛው ፊልም አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ብቻ ሆነ። ጥቂቶቹ ግን ድምፅ ባይኖራቸውም በምስላቸው ብቻ ይገቡ ነበር። አንዱ በጎቻቸውን በበረዶ ተራራ ላይ ነድተው ወደ ሌላ አገር ስለሚያሻግሩ እረኞች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነበር። ሌላው ባሕር ዳር ስለምትኖር አሮጊት ነው። አሮጊቷ የሞተ ባሏን የእንጨት ጀልባ ብቻዋን ትጠግናለች፤ በየቀኑም ወደ ባሕሩ ታያለች። መጨረሻው ላይ አንድ ጎልማሳ ይመጣል፤ ምግብ ታቀርብለታለች፤ ታቅፈዋለች፤ ከዚያ ሁለቱ ጀልባዋን እየገፉ ወደ ውኃው ያስገቧታል። ትርፊት ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። የአሮጊቷ ልጅ መጣላት ብላ ደስ አላት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የበጎቹን ሰጠቻቸው። ጋሽ ጠና በሳምንቱ ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሏል።

"ወደደችው። ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ አንድ ሰው አንዲት በግ ሲያልብ አልታየም። ሕፃን ይዘው ነበር፤ ሕፃኑ ምን ጠጣ?"

ትርፊት ይህን አላስተዋለችም ነበር። ቀጥላ የምግብ ማብሰል ውድድር ላከችላቸው። እሱ አልተሳካም። ዳኞቹ አንድ ማንኪያ ቀምሰው የቀረውን ሲገፉት ላቀች ተቆጥታ አስጠፋችው። "ምግብ ተገፍቶ አይተውም" አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ትርፊት የአሮጊቷን ፊልም ሰጠች። በዚህስ እርግጠኛ ነበረች።

ጋሽ ጠና ቅዳሜን ሳይጠብቁ በሳምንቱ መካከል በእግራቸው መጡ። ወንበሩን አልፈለጉም።

"ትርፊት፣ አስለቀስሽብኝ" አሉ። "ስመለስ ትራሷ በእንባ ርሷል። ምን ሆንሽ ስላት 'ሆሴዕ' ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ልጁ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው፤ ናፍቆቱን ረስታዋለች ብዬ ነበር። አሁን ቀሰቀስሽባት።" ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ትርፊት ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሆነላትም። ማን ጠየቀኝ አለች በልቧ፤ ዕቃዬን መልሼ ብወስድ ኖሮ ይሻል ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ሌሞ ባጃጅ ያዘች። አስፋልቱ ሲያልቅ ጋሪ ላይ ወጣች። ሙዝና ስኳር ይዛለች፤ የተጣላ ሰው ሊታረቅ ሲሄድ እንደሚይዘው።

የጋሽ ጠና ቤት ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ከኋላው እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሏል። ወይዘሮ ላቀች በሩ አጠገብ አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ንቁ የሆነ ሴት ናት። ትርፊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ በገበያ የለቀመችውን ሀዲይኛ አሰባስባ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች።

"ቆይ" አለቻት ላቀች በሀዲይኛ። "አንቺ ነሽ ፊልሙን የምትልኪው?"

"አዎ። ላስከፋዎት ብዬ አልነበረም…"

"ማን ከፋኝ አለ? ጠና ነው እንዲህ ያለሽ?" ወደ ባሏ ዞረች። ጋሽ ጠና ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። "አለቀስኩ። አልቅሼ ወጣልኝ። ልጄ ከሄደ ጀምሮ እኮ እዚህ ቤት ስሙ ሲነሳ ወሬ ይቀየራል፤ ላቀችን እንዳይከፋት ተብሎ። ያቺ ሴትዮ ወደ ባሕሩ ስታይ፣ እኔም ወደ መንገዱ የማየው እንዲሁ ነው ብዬ አለቀስኩ። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው።"

"ምን?"

"የማወራው ሰው ማጣቴ! አንድ ነገር ልጠይቀው ስል ጠና የለም። ሲመጣ ፍላሹን ነቅሎ ይዞብኝ ሄደ። ነይ ተቀመጪ። መጨረሻ ላይ የመጣው ሰውዬ ማን ነው?"

"ልጇ ነዋ" አለች ትርፊት።

"አይደለም!" ላቀች ከትራሱ ቀና አለች፤ ጋሽ ጠና ሊደግፏት ሮጡ። "ልጇ ቢሆን እንደዚያ በወጉ ታቀርብለታለች? ሳህን አጥባ፣ አድርቃ? የራስሽ ልጅ ሲመጣ ከድስቱ ነው የሚበላው። የልጇ ጓደኛ ነው። ስለ ልጇ ወሬ ይዞላት መጥቶ ነው።"

"ታዲያ ለምን አቀፈችው?"

"ወሬው ደግ ስለሆነ!"

ትርፊት ፍላሹን ከቦርሳዋ አወጣች። ጋሽ ጠናም ይህ ከእርሻው በለጠባቸውና በርጩማ ይዘው መጥተው ተቀመጡ። ሦስቱም መጨረሻውን ደግመው አዩት፤ አሁንም አልተስማሙም። ጎረቤት ሴቶች የጭቅጭቁን ድምፅ ሰምተው ገቡ፤ እነሱም ለሁለት ተከፈሉ። ቡላ በቅቤ ቀርቦ ተበላ። ትርፊት ወደ ከተማ የተመለሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ናስረዲንን ያዘችው። "ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አንብብልኝ። ሰውዬው ማን ነው?"

ናስረዲን መጨረሻውን ከፍቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። "እትዬ ትርፊት፣ ልጇም አይደለም፣ የልጇ ጓደኛም አይደለም። ጀልባዋን ሊገዛ የመጣ ሰው ነው።"

ትርፊት ሱቅ ውስጥ ብቻዋን እስኪያማት ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ለላቀች ስትነግራት ላቀች አንገቷን ነቀነቀች። "ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ተሳስተዋል" አለች። "የእኛ ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ትርፊት ሌሞ መሄድ ልማድ አደረገችው። አንዳንዴ ድንቅ ፊልም ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ሁሉንም የሚያስተኛ። ሴቶቹ ያያሉ፣ ይከራከራሉ፤ አማርኛ የምታውቀው ለማታውቀው ትተረጉማለች፤ ስትተረጉምም የራሷን ትጨምርበታለች። ጋሽ ጠና "እርሻ አለብኝ" ይላሉ፤ እርሻው ግን እሑድ ከሰዓት ላይ ማነስ ጀመረ።

ሆሴዕ ከደቡብ አፍሪካ ሲደውል እናቱ ከበፊቱ ሌላ ሆና አገኛት። ድሮ "በላህ? ጠጣህ?" ብላ የምታለቅስ ሴት፣ አሁን "ያን የአሮጊቷን ፊልም ፈልገህ እይ፤ ከዚያ ደውልልኝ" ትለዋለች። ፈልጎ አየው። ደወለ። የዚያን ቀን እናትና ልጅ መጀመሪያ ያወሩት ስለ ፊልሙ ነው። ከዚያ ግን ልጁ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ስለሚያሳልፈው ምሽት፣ ከሀገር ስለሚናፍቀው ነገር፣ ለዓመታት "ደህና ነኝ" ብቻ እያለ ያለፈውን ሁሉ አወራት። ላቀች ይህን ለትርፊት ስትነግራት አላለቀሰችም። "ይመጣል" አለች። "ለገና ነው ያለኝ። ባይሆንለትም አሁን ይነግረኛል።"

ወሬው በሱቁ በኩልም ተሰማ። ቴሌቪዥን ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቃቸው በፊት ትርፊት ራሷ ትጠይቃቸዋለች፦ "ቤት የሚውለው ማን ነው? አብሯችሁ የሚያየውስ?" ከአዲሎ የመጣ ሹፌር ጆሮው የደከመ አባት አለው፤ ለእሱ ሌላ ትመክራለች። ከዱራሜ የደወለች አቢጋኤል የምትባል መምህርት አዲስ ሙሽራ ናት፤ ከአማቷ ጋር ምን እንደምታይ ጨንቋታል።

"አማትሽ ምን ያስቃቸዋል?" አለቻት ትርፊት በስልክ።

"አላውቅም፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው በአስቂኝ አትጀምሪ። ስለ እንስሳት የሆነ ነገር አሳያቸው፤ ከዚያ ስለ ላሞቻቸው ጠይቂያቸው። ፊልሙን ባይጨርሱት ግድ የለም።"

ናስረዲን አንዳንዴ ከኪዮስኩ አንገቱን አውጥቶ "እትዬ፣ የሚፈነዳውንስ ለማን ትመክሪያለሽ?" ይላታል። "ለአንተ" ትለዋለች።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ሐኪሙ ላቀችን እንድትራመድ ፈቀደላት። ትርፊት ደስ አላት፤ ግን ልቧን አንድ ነገር ቅር አለው። በእግሯ ከሄደች ወደ ጓሮዋ፣ ወደ ገበያዋ ትመለሳለች፤ እሑድ ከሰዓትም ያበቃል ብላ አሰበች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ባጃጅ ቆመ። መጀመሪያ ምርኩዝ ወጣ፤ ቀጥሎ ላቀች ወጣች፤ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ጋሽ ጠና ከኋላዋ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሕፃን ይጠብቋታል፤ እሷ አንዴም ዞር ብላ አላየቻቸውም። ደፍ ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ የሚያበሩትን ስክሪኖች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ትርፊት" አለች፣ "ነገ ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ከላይ መንደርም የሚመጡ አሉ። ፊልሙን ዛሬ እኔ ነኝ የምመርጠው። ሁሉንም አሳዪኝ።"

ትርፊት ወንበር ሳበችላትና ናስረዲንን ጠራችው።