ኑሪያ ያለችውን አላልኩም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከአማቴ ጋር መኮራረፌን ሁሉ ዘርግፌላቸዋለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እሳቸውም ሌላ ያለ አይመስላቸውም፤ "በርቺ ልጄ" ብለው ይሸኙኛል። ምኑን በረታሁት! እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለዚህ ነው የደፈርኩት።

የጎባ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ሮቤ ነው፣ አንድ የዱቄትና የመኮሮኒ ፋብሪካ ውስጥ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም። ስቀጠር የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነበርኩ፣ በኮንትራት። ያስቀጠረኝ ጌታሁን ነው፣ የማሸጊያ ክፍሉ የፈረቃ አለቃ። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከለ፣ ለቀስተኛ ያስተናገደ እሱ ነበር። እናቴ ሳትመርቀው ስሙን አትጠራም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ባለውለታዬ።

ከዚያ የሠራተኛ እንክብካቤ ፕሮግራም የሚባል ነገር መጣ። መጀመሪያ ሳቅንበት። "ደሞዝ ይጨምሩልንና እኛው ራሳችንን እንንከባከባለን!" ያላለ አልነበረም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሠራ። ለሚያጠቡ እናቶች አንዲት ክፍል ተከፈተችና ጡታቸው አግቶ ሽንት ቤት ተደብቀው ሲያልቡ የነበሩት ሴቶች እፎይ አሉ። ወፍጮው ጋ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ሲምጉ የሚውሉት ደረታቸውን ተመረመሩ። አንድ ሰክሮ የሚመጣ ጫኝ ነበር፤ ከአማካሪዋ ጋር ሲነጋገር ከርሞ መጠጡን ተወ፣ ሚስቱ የፋብሪካው በር ድረስ መጥታ እልል አለች። መቅረት ቀነሰ፣ ጠብ ቀነሰ፣ ሰው በስሙ እየተጠራራ ደህና አደርክ መባባል ጀመረ። ይህን ሁሉ የምላችሁ ፕሮግራሙን ላወድስ አይደለም። መልካም እንደነበረ ካላወቃችሁ የኔን ክፋት አታውቁትም።

አማካሪዋ ሰናይት ትባላለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ኦሮምኛ አትችልም። እኔ ደግሞ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ላይ ስንጫወት ነው የለመድኩት፤ በየትኛው ቋንቋ እንደማስብ ራሴም አላውቅ። ስለዚህ አማርኛ የማይሆንላቸው ሠራተኞች ሲገቡ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሰናይት አስጠነቀቀችኝ፤ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። ያሉትን ብቻ በይልኝ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ" አለችኝ። በማርያም ብዬ ማልኩላት።

ኑሪያ ከጎሮ በኩል የመጣች ልጅ ናት፣ ማሸጊያ ላይ የምትሠራ። ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ነበረች። ሳቂታ ነበረች፤ የመኮሮኒ ካርቶን ተሸክማ እንኳ ትስቃለች። እኔን "ኦቦሌቲ ኮ" ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። አንድ ሰሞን ሳቋ ጠፋ፣ ፊቷ ከሳ። ሰናይት ስትመጣ ግቢና አናግሪያት ብዬ የወተወትኳት እኔው ነኝ። አይሆንም ስትለኝ እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔው ነኝ። የሚሰማሽ አለ፣ አይዞሽ ያልኳትም እኔ ነኝ።

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጀመረች። ጌታሁን፣ አለች። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይነካካኛል አለች። መጋዘን ነይ ይለኛል፣ እምቢ ስለው ሰው ወደማይበዛበት ወደ እሑድ ፈረቃ አዛወረኝ አለች። ወላሂ እፈራዋለሁ፣ አንድ ቀን በር ይዘጋብኛል አለች። ንገሪልኝ፣ ሌላ ክፍል ያዛውሩኝ፣ ግቢ መጥረግም ይሁን፣ ከሱ ብቻ ያርቁኝ አለች። ይህን ስትል የምታየው ሰናይትን ሳይሆን እኔን ነበር።

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ቤተሰቦቿን እያሰበች ነው፣ ድካምም አለባት፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል" አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ላብ አላጠመቀኝም። ለምን? ኮንትራቴ ሊያልቅ ነበር፣ ቋሚ የምሆነውም በጌታሁን አፍ ነበር፤ ይሄ አንድ ነው። የእናቴን ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ አልኩ፤ ይሄም አለ። ኑሪያ ዋሽታ ይሆናል ብዬስ? አይ፣ በዚህ እንኳ ራሴን ማታለል አልችልም። የማሸጊያ ሴቶች በመጋዘኑ በኩል ብቻቸውን እንደማያልፉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚሄዱ በዓይኔ አይ ነበር። አውቅ ነበር። እያወቅሁ አላልኩም።

ሰናይት አዘነችላት። በዝግታ መተንፈስን አሳየቻት፣ ከመኝታ በፊት ስልክ አትያዥ አለች፣ ለእናቷ ብትደውል ደስ ይላታል አለች። ደግ ምክር ነው፣ ለደከመው ሰው። እኔ ግን ይህን እንዴት ብዬ ለኑሪያ ልተርጉም? በር ይዘጋብኛል ላለች ልጅ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ ይባላል? እንዳይነቃብኝ ፈራሁ። ስለዚህ ከራሴ አወጣሁ። "ኦብሲ ጄቴ" አልኳት፤ ታገሺ ብላሻለች ማለት ነው። ይሄ ቀን ያልፋል ብላሻለች አልኳት። ለማንም አታውሪ፣ ለስምሽ ጥሩ አይደለም ብላሻለች አልኳት። ሰናይት ከነዚህ አንዱንም ከአፏ አላወጣችም።

ኑሪያ ቀና ብላ ሰናይትን አየቻት። ሰናይት ምን እንደተባለ የት ታውቃለች፣ ፈገግ አለችላት። ኑሪያም ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነችና ወጣች።

ደግሞም ታገሠች! አንጀቴን የሚቆርጠኝ ይሄ ነው። ከዚያ በፊት ሥራውን ጥላ ልትሄድ አስባ ነበር፣ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። የተማረች ሴት ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ ታገሺ ካለችማ ብላ ቀረች። የእሑድ ፈረቃዋን ገባች። ከእሑዶቹም ባንዱ የፈራችው ደረሰባት። ዝርዝሩን አልናገርም፤ የሷ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ሰኞ ቀረች፣ ማክሰኞም ቀረች፣ በዚያው ሥራውን ተወች። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ተናግራ ነበራ! ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፣ ሰምቼ ሻዬን ጠጣሁ። ቋሚ መሆኔ የተነገረኝም በዚያው ሰሞን ነው፤ እናቴ ጌታሁንን መረቀች።

በሚቀጥለው ወር ሰናይት ስትመጣ ሰብለ የምትባል የማሸጊያ ልጅ ገባች። አፏን በአማርኛ የፈታች ናት፣ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። ምን እንዳለች ቆይተን ሁላችንም አወቅን። ኑሪያ ያለችውን ነው ያለችው፣ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ መጋዘን። ሰናይት ልጅቷን አስፈቅዳ ከክፍሉ ወጣችና በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሰብለን በዚያው ቀን አዛወሯት። ጌታሁን ሳምንቱ ሳያልቅ ታገደ፣ ብዙም ሳይቆይ ተባረረ፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ሄደ።

አያችሁ? እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን የማባብልበት ነገር ነበረኝ። ብናገርም ምን ይመጣ ነበር፣ ለወጉ ያህል ያቋቋሙት ነገር ነው፣ አለቃን ማን ይነካል እያልኩ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ሰብለ ባንድ ከሰዓት በኋላ ሰበቤን አሳጣችኝ። ፕሮግራሙ ይሠራ ነበር። ሰናይት ትሰማ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ሲነገረው ያደርግ ነበር። ያልሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኑሪያ ዕቃዋን ልትወስድና ክሊራንስ ልትጨርስ መጣች። ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ አግኝታ ነበር። የጌታሁንን መባረር ሰምታለች። በሩ ላይ ጋሪ አቁማ ጠበቀችኝ።

"ሰብለም እንደኔ ነው የተናገረችው?" አለችኝ በኦሮምኛ።

"አዎ" አልኳት።

"ለዚያችው ሴትዮ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለሷ እንዲህ ካደረገችላት ለኔ ለምን ታገሺ አለችኝ?" አለች።

አምላኬ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ እኮ! እሷን ከፊቴ አቁሞ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ፣ እሷ አላለችም፣ እኔ ነኝ ብል በቃ ነበር። ትትፋብኝ፣ ታልቅስ፣ ክሰሷትም ትበል፣ ግን ታውቀው ነበር። "እንጃ እህቴ" አልኳት።

እሷው ለራሷ መለሰች። "የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ነው፣ አይደል? ቋንቋ አላውቅ። እንደ ሰብለ ሰው አልመሰልኳትም" አለች። አይደለም አላልኳትም። እንደ ሰው ሳትቆጠር የተተወች መስሏት ቆማ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ይባስ ብላ ልታጽናናኝ ትከሻዬን ያዘችኝ። "አንቺማ የቻልሽውን ተናግረሽልኛል፣ አላህ ይስጥሽ፣ በዱዓዬ አልረሳሽም" አለችኝ። ጋሪው ላይ ወጣችና ወደ መናኸሪያ ሄደች።

አንድ የገበያ ቀን ጎሮ ሄጄ እናቷን አገኘኋቸው። ስልኳ ከተዘጋ ቆይቷል አሉኝ። "የሥራ ጓደኛዋ ነሽ ወይ?" ብለው ወተት ሰጡኝ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ወተቱን ጠጣሁ፣ ምርቃታቸውን ተቀበልኩ፣ በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ።

ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፣ አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ጥቅሙን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ የምለውም እውነት ነው፣ አንድ ውሸት የለበትም። ሰናይት ያለ አንቺ ምን እሆን ነበር ትለኛለች። እሷንም ልነግራት አስብና፣ ብነግራት ነገ ለነዚህ ምስኪኖች ማን ያስተረጉማል እላለሁ። ዛሬም ሰበብ አላጣም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር የምትለኝ ኑሪያ ናት። ኑሪያ ደግሞ የበደለቻት ሰናይት ትመስላታለች። የትም ትሁን፣ በሕይወት ካለች፣ ለኔ ዱዓ ታደርግልኛለች።